የአሥራ ዘጠኝ ቀን ንጉሥ መሐለቅ

ሚዛን ሠሪዋ የአንጥረኞችን ጎዳና ቁልቁል ስትወርድ፣ ሩጫ ነው እንዳይባል ዕድሜዋ ይይዛታል፣ እርምጃ ነው እንዳይባል ንዴቷ ይገፋታል። የቆዳ ሽርጧን እንኳ አልፈታችም። ቀኝ እጇን ጨብጣ፣ ጭብጧን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ሰው በትከሻዋ እየከፈለች ትሄዳለች። ከሰል የጫነች በቅሎ መንገድ ዘግታባት በጎን ስትጋፋ ነጂው፣ «እመቤት፣ ዐይን የለሽም እንዴ?» አላት።

«ዐይን ባይኖረኝ ሚዛን አለኝ!» ብላው አለፈች።

ሰውየው እንግዳ ነበርና ነገሩ አልገባውም። ጎዳናው ግን ገብቶታል። ዝንፍ-የለሽ እንዲህ ስትሆን አንድ ቦታ አንድ ሰው አንድ ነገር አጉድሏል ማለት ነው። ግራና ቀኝ መዶሻዎች ለአፍታ ጸጥ አሉ፤ እያንዳንዱ አንጥረኛም በሆዱ የራሱን ሚዛን መረመረ።

ዝንፍ-የለሽ ብሎ የጠራት ገበያው ነው። እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያውቅ ከታናሽ ወንድሟ በቀር በሕይወት የቀረ አልነበረም፤ እሱም ቢሆን «እትዬ» ነበር የሚላት። አምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ባል አግብታ ቀብራለች፣ ልጅ አልሰጣትም፤ ያላት ከአያቷ ለአባቷ፣ ከአባቷ ለእሷ የተላለፈ አንድ ክፍል የሚዛን መሥሪያ፣ አንድ ወንድም፣ እና አሁን በጭብጧ ውስጥ ያለችው አንዲት የብር መሐለቅ ናት።

ጎዳናው ሲያልቅ የፈረሰኛው ጦር ዕቃ መወልወያ ግቢ ነው። ልጓም፣ እርካብ፣ የኮርቻ ጌጥ ሁሉ እዚያ ገብቶ ፀሐይ መስሎ ይወጣል። አሥራ ሁለት ሰዎች አግዳሚ ላይ ተደርድረው አሸዋና ጨርቅ ይዘው ይፈትጋሉ፤ አየሩ ደቃቅ አቧራ ነው።

«መስታወት!» አለች ከበሩ።

መስታወት ወንድሟ ነው። እሱ በወለወለው እርካብ ላይ ፈረሰኞች መልካቸውን እያዩ ጢማቸውን ያበጥራሉ እየተባለ ነው ይህን ቅጽል ያተረፈው። አንገቱን ቀና ሲያደርግና የእህቱን ፊት ሲያይ የያዘው ልጓም ከእጁ ወደቀ።

ጭብጧን ከፈተችው። «ይቺን ምን አደረግሃት?»

መስታወት መሐለቋን አየ፣ እህቱን አየ፣ ከዚያም በልጅነቱ ጥፋት ሲገኝበት እንደሚያደርገው ፈገግ ሊል ሞከረ። «አጠራኋት። አላማረችም?»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፤ እኛም ከሥሩ እናንሳው።

ከስልሳ ዓመት በፊት በዚያ አገር ዙፋን ላይ አንድ ወጣት ንጉሥ ለአሥራ ዘጠኝ ቀን ተቀመጠ። በአሥራ ዘጠኝ ቀን ሰው የተከራየውን ቤት እንኳ በቅጡ አይለምድም፤ እሱ ግን አንድ ነገር አደረሰ፤ በስሙ ብር አስመታ። መምቻ ቤቱ የሠራው አንድ ቀን ብቻ ነው። የተመታው መሐለቅ ጥሩ ብር፣ ክብደቱም ሙሉ ነበር። ይህን መዝኖ ያረጋገጠው የመምቻ ቤቱ ሚዛን ሠሪ፣ የዝንፍ-የለሽና የመስታወት አያት ነው። በሃያኛው ቀን የንጉሡ አጎት ዙፋኑን ነጠቀና መሐለቁ ሁሉ ተለቅሞ እንዲቀልጥ አዘዘ። ሚዛን ሠሪውንም አስጠርቶ፣ «ያ ብር የጎደለ ነበር ብለህ መስክር» አለው። ሰውየው ግን፣ «ጌታዬ፣ እኔን ምን ይጠይቁኛል? ሚዛኑን ይጠይቁት እንጂ» ብሎ መለሰ። ለዚህች መልሱ በአደባባይ ሠላሳ ጅራፍ ቀምሶ ከሥራው ተባረረ። ሲባረር ግን ለደመወዙ ከተሰጠችው አንዲት መሐለቅ ጋር ነው፤ በጫማው ውስጥ ደብቆ አወጣት።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ መሐለቋ ገንዘብ መሆኗ ቀረ። በቤቱ «እናቲቱ» ተባለች። ከቤቱ የሚወጣ ሚዛን ሁሉ በእሷ ይፈተናል። ከየሚዛኑም ጋር ልክ በእሷ ክብደት የተሞረደች ትንሽ ነሐስ ለገዢው ትሰጣለች፤ እሷ ደግሞ «ልጅ» ትባላለች። ሚዛኑን የተጠራጠረ ነጋዴ ልጁን ይዞ ይመጣል፣ ከእናቷ ጋር ፊት ለፊት ትቀመጣለች፣ ጭቅጭቁ ያበቃል። እናቲቱን ማንም አያጥባትም፣ ማንም አይወለውላትም። በሚዛን ሠሪ ቤት የተወለደ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ይህንኑ ነው፤ መመዘኛ በተፈተገ ቁጥር ይጎድላል። ስለዚህ መሐለቋ በስልሳ ዓመት ውስጥ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁራ፣ የንጉሡ መልክ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም ነበር።

ከአራት ቀን በፊት ታዲያ አዋጅ ነጋሪው በየአደባባዩ ዞረ። «የአሥራ ዘጠኝ ቀኑ ንጉሥ መሐለቅ ያለህ ሁሉ፣ እስከ ዓርብ ቀትር ለግምጃ ቤት ሽጥ! ለአንዲቱ ስልሳ አዲስ ብር ይከፈልሃል! ወልውለህ አብርተህ ብታመጣ አምስት ይጨመርልሃል! ከዓርብ ቀትር በኋላ የተገኘበት መሐለቁ ይወረሳል፣ ቤቱ ይታሸጋል!»

ለአንድ ብር ስልሳ ብር! ከተማው ጉድ አለ። ሚዛን ሠሪዋ ግን ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አጣች። እናቲቱ በዚያ ቤት መኖሯን የማያውቅ የገበያ ሰው ስለሌለ መደበቅ የማይታሰብ ነው። ወንድሟ እንሽጣት ይላል፣ እሷ ትቆይ ትላለች፤ ለምን እንደምትቆይ ግን ጥሩ ምክንያት አጥታ፣ «እስቲ ይንጋ» እያለች ዓርብ ደረሰ። በዚህ ጠዋት ለአንዲት ሰም ሻጭ አሮጊት የሠራችውን ሚዛን ጨርሳ፣ ቀደም ብላ በእናቲቱ ልክ የሞረደቻትን አዲሷን ነሐስ በግራ ሳህን፣ እናቲቱን በቀኝ ሳህን አስቀመጠች። እናቲቱ ወደ ላይ ወጣች። እናት ከልጇ ቀለለች። ያኔ ነው በመስኮቱ ብርሃን ያየቻትና ፀሐይ መስላ ያገኘቻት።

«በምን አጠራሃት?» አለች አሁን፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ።

«በደቃቅ አሸዋና በኮምጣጤ ነው እትዬ። መጨረሻው በጨርቅ።»

«በአሸዋ! እናትህን በአሸዋ ፈተግሃት!»

«አምስት ብር ይጨምራሉ ብለዋል እኮ። ደሞስ ስንት ብትጎድል ነው? የጸጉር ያህል!»

«የጸጉር ያህል የሚባለው ጸጉር አስተካካይ ቤት ነው። እኛ ቤት ጎደለ አልጎደለ ነው።»

ከወልዋዮቹ አንዱ ሳቅ አፈነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለው ተረት ለመስታወት የተተረተ ይመስል ነበር። እሱ ግን ጨርቁን ወርውሮ ተነሣ፤ ዝምተኛ ሰው ሲነሣ ደግሞ የሦስት ቀኑን በአንዴ ነው የሚያወጣው።

«እሺ፣ አጠፋሁ! የሚዛን ሠሪ ልጅ ሆኜ አሸዋ አስነካኋት፣ እጄ ይቆረጥ። ግን ስሚኝ። ከእንግዲህ መመዘኛ አይደለችም፤ ራስሽ ነሽ ያልሽው። ተራ ብር ናት። ዛሬ ካልሸጥናት በነጻ ይወስዷታል፣ ቤቱንም ያሽጉታል። ሃያ ዓመት የሌላ ሰው እርካብ ስፈትግ...» ሳል አቋረጠው። ደረቅና ረጅም ሳል ነበር፤ ሲያበቃ ዐይኖቹ እንባ አቅርረዋል። «...ሳንባዬ አሸዋ ሆነ እትዬ። በስልሳ አምስት ብር የራሴን አንድ ክፍል ልክፈትና ንጹሕ አየር ልተንፍስ ነው ያልኩት። ምኑ ነው ነውሩ?»

ሚዛን ሠሪዋ ዐይኗን ወደ መዳፏ መለሰች። ለመጀመሪያ ጊዜ የንጉሡን መልክ አየች። ጢም ያላበቀለ፣ ጆሮ ሰፊ ልጅ ነው፤ ከጀርባው ሰው የጠራው ይመስል በድንጋጤ ቀና ብሏል። አያቷ የተገረፈው ለዚህ ልጅ ኖሯል። አይደለም፣ ለልጁ እንኳ አልነበረም፤ ለክብደቱ ነው። ያ ክብደት ደግሞ ከትናንት ጀምሮ የለም።

«ና» አለችው በመጨረሻ።

«ወዴት?»

«ልንሸጣት ነዋ። ፀሐይዋ እየወጣች ነው።»

ወንድሟ ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ግን ድምፅዋን ሲሰማ ደስታው አፉ ላይ ቀረ። ሽርጡን ፈትቶ ተከተላት።

መሥሪያ ቤቷ ደጃፍ ላይ ሰም ሻጯ አሮጊት ሚዛኗን ልትወስድ ተቀምጣ ትጠብቃለች። አጭር፣ ክብ፣ ለሁሉም አፍ የማታጣ ሴት ናት።

«አልደረሰም እማማ» አለቻት ሚዛን ሠሪዋ። «ተሠርቷል፣ አልተፈተነም። የምፈትንበት የለኝም።»

«የምትፈትኚበት የለሽም ማለት? እናቲቱስ?»

«ልሸጣት እየሄድኩ ነው።»

አሮጊቷ አንዴ እህትየውን፣ አንዴ ወንድምየውን አየችና ቀሚሷን አራግፋ ተነሣች። «እንግዲያው አብሬያችሁ እሄዳለሁ። ቀብር ላይ ሰው ሲበዛ ደስ ይላል።»

የግምጃ ቤቱ ግቢ በድንጋይ የተነጠፈ ነው። መካከሉ ላይ ጉድጓድ አለ፣ ከጉድጓዱ አጠገብ ከፍ ያለ ምሰሶ፤ የምሰሶው ጥላ የጉድጓዱን ከንፈር ሲነካ ቀትር ሆነ ይባላል። ጥላው ሊነካ ሁለት ክንድ ያህል ቀርቶታል። አዳራሹ ውስጥ ሕዝቡ ጥግ ጥጉን ይዟል፤ የሚሸጥ ጥቂት፣ ሊያይ የመጣ ብዙ። ከጣሪያው ወጋግራ ላይ ትልቁ የግምጃ ቤት ሚዛን በሰንሰለት ተሰቅሏል። በሚዛኑ ሥር ሹሙ በባለ መደገፊያ ወንበር ተቀምጧል፣ በስተግራው ጸሐፊው የአዲስ ብር ክምር ባለበት ጠረጴዛ ላይ ቀለም ይበጠብጣል፣ ከኋላቸው ሁለት ዘበኞች ጦር ተደግፈው ቆመዋል። ሹሙ ለስላሳ ሰው ነው፤ ሲናገር ድምፁን ለመስማት ሰው ወደፊት ያዘነብላል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ከፊታቸው አንድ ጡረተኛ ወታደር ቆሟል። መሐለቁን ሰጠ፤ ጸሐፊው አንድ ወረቀት ንብ በቀፎ ውስጥ እንደምትለው ቃሉ ሳይለይ እያነበነበ ጨረሰለት፣ ወታደሩም አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አኖረ፣ ከረጢት ተቀብሎም ፈንጠር ብሎ ቆመ። መሐለቁ ከሌሎች ስድስት ጋር በትሪ ላይ ተቀመጠ። ሰባቱም ያበራሉ።

«ቀጥሎ» አለ ሹሙ። ከዚያም ሲያያት ፈገግ አለ። «ዝንፍ-የለሽ! ዛሬ ሙሉ ቀን ሆነልን። ስትመጪ ለማየት ጓጉቼ ነበር።»

«መጣሁ ጌታዬ።»

ጸሐፊው ወረቀቱን አንሥቶ ማነብነብ ጀመረ።

«ጸሐፊ፣ ቀስ ብለህ አንብብልኝ» አለችው። «የቀረልኝ ነገር ጆሮ ብቻ ነው።»

ጸሐፊው ወደ ሹሙ አየ፤ ሹሙ ትከሻውን ነቀነቀ። «"እኔ ከዚህ በታች ጣቴን ያኖርሁት፣ ዛሬ ያስረከብሁት መሐለቅ ክብደቱ የጎደለና ሐሰተኛ ብር መሆኑን፣ ይህም በግምጃ ቤቱ ሚዛን በፊቴ ተመዝኖ መረጋገጡን አምኜ..."»

«ቆይ» አለች። «ሐሰተኛ ነው ያልከው?»

«ወረቀቱ ነው የሚለው።»

«ሐሰተኛ ብር በስልሳ ብር የሚገዛ ምን ያለ ገዢ ነው?»

አዳራሹ ውስጥ ትንሽ ሳቅ ዞረ። ሹሙ ጣቶቹን አቆላለፈ። «እመቤት፣ የወረቀት ወግ ነው። ማን ያነበዋል ብለሽ ነው? ጣትሽን አኑሪ፣ ብርሽን ተቀበይ፣ ወንድምሽም ደስ ይበለው።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ጌታዬ። እኔ እሞታለሁ፤ ወረቀቱ ግን ውሸታም ነበር እያለ አያቴን ሲያማ ይኖራል።»

ይህን ስትል ለራሷም ገባት። አያቷ ሠላሳ ጅራፍ ቆሞ የተቀበለባትን ያቺን አንዲት ዐረፍተ ነገር፣ እሷ ከስልሳ ዓመት በኋላ በአውራ ጣቷ ልትሰጥ ነው የመጣችው። ትሪውን እንደገና አየችው። ሰባት መሐለቅ፣ ሰባቱም የተወለወለ። አንድም ጥቁር የለም።

«አምስቱ ብር ለዚህ ኖሯል!» አለች ጮክ ብላ።

«ምን አልሽ?»

«ምንም። ሚዛኑን እፈትናለሁ አልኩ።»

በዚያ አገር የቆየ ደንብ ነበር። በአደባባይ የተሰቀለን ሚዛን የሠራው ሰው፣ እሱም ባይኖር ልጁ ወይም የልጅ ልጁ፣ በፈለገ ጊዜ ሊፈትነው ይችላል። ፈተናውን የከለከለ ሚዛኑን ገደለ ይባላል፤ በሞተ ሚዛን ደግሞ ሹም ቢሆን አይገዛበትም፣ አይሸጥበትም። ደንቡን ያስታወሱ ሽማግሌዎች ከጥጋቸው ቀረብ አሉ።

«ይህን ሚዛን አያቴ ነው የሠራው። ሦስት ጭረት ከዘንጉ ሥር አለ፤ የማያምን ይዳብሰው። ከዚያ ክምር አንድ አዲስ ብር በአንዱ ሳህን ይቀመጥ፣ በሌላው የእኔ መመዘኛ።»

ሹሙ አልተቆጣም፤ ጭራሽ ደስ አለው። ጎንበስ ብሎ መሐለቋን ከመዳፏ ላይ በዐይኑ መረመረ። «መብትሽ ነው። ግን በየትኛው መመዘኛ? በዚህች በምታንጸባርቀው? የእናንተው የሙያ ሕግ ነው፤ የተወለወለ መመዘኛ አይመሰክርም። ነው ወይስ ተሳስቻለሁ?»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አልተወለወለችም ብትል ማን ያውቃል? ብትጎድልም እንኳ ከአዲሱ ብር ትከብዳለች፤ ይህን በእጇ ስታነሣው ታውቀዋለች። አንዲት ትንሽ ውሸት፣ የጸጉር ያህል።

«አልተሳሳቱም» አለች። «ተወልውላለች። ጎድላለች። አትመሰክርም።»

«እንግዲያው ጣትሽን።»

«የወለወልኳት እኔ ነኝ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። መስታወት ሰው እየገፋ ወደፊት ወጣ፤ ፊቱ ከልብሱ አቧራ ይልቅ ነጥቷል። «ወልዋይ ነኝ። ሃያ ዓመት ወልውያለሁ። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ለውልወላ ከዋጋው ሳንቲም ጨምሮልኝ አያውቅም! የፈረሰኛው አዛዥ እንኳ ሁልጊዜ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም! እናንተ ምን ብትሆኑ ነው አምስት ብር የጨመራችሁት?» ሳሉ መጣበት፣ ታገለው፣ ዋጠው። «እንድናጎድላቸው ነዋ! በአዲሱ ብራችሁ ላይ እንዳይመሰክሩ! ሞኝ የአባቱን ቤት ሲዘርፉ አብሮ ይዘርፋል ይላሉ። ሞኙ እኔ ነኝ፣ እዩኝ!»

ሰው ሳቀ፤ ግን በእሱ ላይ የሳቁበት አይደለም። ሚዛን ሠሪዋ ወንድሟን ከተወለደ ወዲህ እንዲህ ወድዳው አታውቅም፤ ጊዜ ስላልነበራት ግን በክርኗ ነካ ብቻ አደረገችው።

«እናቲቱ ባትመሰክር ልጆቿ አሉ» አለች።

«ዛሬ ጠዋት የሞረድሻት ነሐስ?» አለ ሹሙ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ፤ ለመስማት ማዘንበል አላስፈለገም።

«ኧረ የእኔዋ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው ጌታዬ!» አለች ሰም ሻጯ። አንገቷ ላይ ካለች የጨርቅ ከረጢት አንዲት የጠቆረች ነሐስ አወጣች። «ቅባት ነክቷት ይሆናል፣ አሸዋ ግን አልነካትም። እኔ ራሴ ከታጠብኩ እንኳ...» የቀረውን ለራሷ አለችና ነሐሷን በሳህኑ ላይ ጣል አደረገቻት።

ጸሐፊው ማንም ሳያዘው ከክምሩ አንድ አዲስ ብር አንሥቶ በሌላው ሳህን አኖረ። ምናልባት ልማድ ነው፤ ምናልባትም እሱም ማወቅ ፈልጎ ነው። የነሐሱ ሳህን ወረደ። ብሩ ሽቅብ ወጣና እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ሌላ ብር» አለች ሚዛን ሠሪዋ።

ሌላ ብር ተቀመጠ። እሱም ወጣ።

«ሌላ ልጅ!» አለ አንድ ሰው ከሕዝቡ። መድኃኒት ቀማሚው ነው፤ ከወገቡ የአባቱን ነሐስ ፈታ፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተሞረደች ናት። ተመዘነች፤ ብሩ ወጣ። ሥጋ ሻጩ ቀጠለ። ከዚያ ክር ሻጩ። ልጆቹ ከየቀበቶው፣ ከየአንገቱ፣ ከየኪሱ ጫፍ እየተፈቱ መጡ፤ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም እኩል። አዲሱ ብር ከአንዳቸውም ጋር አልተካከለም። አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ የራሱን ከረጢት በእጁ መመዘን ጀመረ።

ጡረተኛው ወታደር ተመልሶ ከጸሐፊው ፊት ቆመ። «ወረቀቴን መልስልኝ» አለ፤ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ብራችሁን ውሰዱ። ጣቴን መልሱልኝ።»

ሹሙ ተነሣ። ውጭ የምሰሶው ጥላ የጉድጓዱን ከንፈር ነክቶ ነበር።

«ቀትር ሆኗል» አለ፤ ልስላሴው ሁሉ ከድምፁ አልቋል። «አንቺ ሴት፣ ሁለት መንገድ አለሽ። ወይ ጣትሽን አኑሪና ስልሳ አምስት ብርሽን ውሰጂ፤ ወይ መሐለቋ ትወረሳለች፣ ቤትሽም ይታሸጋል።»

«ሦስተኛ አለ» አለች።

መሐለቋን ጨበጠችና ክንዷን እስከ መጨረሻው ዘረጋችለት፤ ጭብጧ ከአገጩ ሥር ደረሰ።

«አልሸጣትም። ሐሰተኛ ናት ብዬ ጣቴን አላኖርም። ከፈለጓት ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈልቅቀው ይውሰዷት፤ ይህ ሁሉ ሰው እያየ። ሐሰተኛ ናት ያሏትን ብር ከአንዲት ሴት እጅ በጉልበት የቀማ ግምጃ ቤት ይባሉ። ወረቀቱ ያኔ አያስፈልግም፤ ሰው ሁሉ ያነበዋል።»

ሹሙ ጭብጧን አየ፣ ከዚያ ወደ ኋላው ዞሮ ዘበኞቹን አየ። ታላቁ ዘበኛ ግን እሱን አላየውም። ዐይኑ አየር ላይ በተንጠለጠለው ሳህን ላይ ተተክሏል። የእሱም ደመወዝ በዚያ አዲስ ብር ነው የሚከፈለው፤ እየቆጠረ የተቀበለው ሁሉ ስንት እንደጎደለው በሆዱ እየደመረ ሳይሆን አይቀርም። ጦሩን ከተደገፈበት አላነሣም።

«ቤቱን አሽጉት!» አለ ሹሙ፣ ለማን እንዳዘዘ ሳይለይ። ከዚያ ትሪውን ራሱ ተሸክሞ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባ።

ቤቱ ታሸገ። ማንም ሰው ቃሉን ሁሉ አያጥፍም፤ ሹምም እንዲሁ። እህትና ወንድም ሲመለሱ ሁለት ሎሌዎች በሩን በገመድ አስረው፣ ቋጠሮው ላይ ሰም አፍስሰው፣ ማኅተም መትተው ሄደዋል። የአያቷ መስፍ፣ የአባቷ ሞረድ፣ የሠላሳ ዓመት ሥራዋ ሁሉ ከውስጥ ነው። ሚዛን ሠሪዋ በሩን በመዳፏ ነካችውና ግንባሯን አስደገፈችበት። ጥቂት አለቀሰች፤ ማልቀስ ስለሚገባት።

ሰም ሻጯ ማኅተሙን በጥፍሯ ጫር አድርጋ አሸተተችው። «ይሄ ደግሞ ሰም ነው? ግማሹ ጭቃ ነው» አለች። «እነዚህ ሰዎች የማያጎድሉት ነገር የለም ማለት ነው?»

ሚዛን ሠሪዋ ግንባሯ በሩ ላይ እንዳለ ሳቀች። ከዚያ ፊቷን በሽርጧ ጠርጋ ዙሪያዋን አየች። ለአሮጊቷ የሠራችው አዲስ ሚዛን ጠዋት በንዴት ስትወጣ ደጃፉ አግዳሚ ላይ ጥላው ነበርና እዚያው አለ። በሩ ላይ ፋኖስ የሚንጠለጠልበት ሜንጦ ነበር፤ ሚዛኑን ሰቀለችበት። በመንገዱ ሰው መምጣት ጀምሮ ነበር። መድኃኒት ቀማሚው፣ ሥጋ ሻጩ፣ የማታውቃቸው ሰዎች፣ እያንዳንዱ በእጁ ነሐሱን ይዞ፤ የኋላ ኋላ ያ የከሰል በቅሎ ነጂ እንኳ አንገቱን ሰገግ አድርጎ ቆመ።

«በምን ልትፈትኚው ነው?» አላት ወንድሟ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እናቲቱ...»

«ልጆቹ እርስ በርሳቸው ይመሳከራሉ። እሱ ይበቃል። ደሞ ለዚህ ሁሉ ሰው አንድ እጅ አይበቃውም፤ ከነገ ጀምሮ እርካቡን ተውና ዘንጉን ትይዝልኛለህ። መንገድ ላይ እንደሆነ አየር ሞልቷል።»

«እሺ እትዬ» አለ መስታወት። ሁለቱን እጆቿን ለሥራ ልታስለቅቅ መሐለቋን አውጥታ በመዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይቺንስ ታዲያ ምን እናደርጋታለን?» አለ። «መመዘኛ አይደለችም። ገንዘብም አይደለች።»

«ከእኛ ጋር ትኖራለች።»

መሐለቋን ወደ ብርሃኑ ቀና አደረጋት። በጭብጧ ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ ስትጨመቅ ስለዋለች፣ የእህቱ የአውራ ጣት አሻራ፣ ለወረቀቱ የከለከለችው ያ አሻራ፣ በላብ ደብዝዞ በልጁ ንጉሥ ጉንጭ ላይ ታትሟል። የወልዋይ እጅ ነውና ሳያስበው እጅጌውን ስቦ ሊጠርጋት ጀመረ።

«ተዋት» አለችው እህቱ፣ ከሚዛኑ ላይ ዐይኗን ሳታነሣ። «ትጥቆር።»